ለቅሶ የቀረሁበት ቀን

በእኛ ሰፈር «ደህና ነኝ» በማለት የሚበልጠኝ ሰው አልነበረም። ጉልበቴ አላስነሳ ብሎኝ ደህና ነኝ፣ ጉንፋን አንገላቶኝ ደህና ነኝ፣ ባሌን ቀብሬ በተመለስኩ ማግስት እንኳ ጎረቤት ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ ያልኩ ሴት ነኝ። ያደግነው እንዲህ ነው። በሰው ጭንቀት ላይ የራስን ጭንቀት አይጨምሩም። ታዲያ ይህ ነገር አንድ ቀን ምን ጉድ እንዳመጣብኝ ላጫውታችሁ።

ዓለምነሽ እባላለሁ። ቤቴ ቤርሼባ ከተማ፣ ሽኩና ቤት የሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ብዙ ዓመት በልብስ ፋብሪካ ስሰፋ ኖሬ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ጡረታዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነኝ። አንድ ልጅ አለኝ፣ ኤላድ። እዚህ ተወልዶ እዚህ ያደገ ነው፤ አማርኛ ይሰማል እንጂ የሚመልስልኝ በዕብራይስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ለተጠባባቂ ጦር፣ እኛ ሚሉኢም ለምንለው፣ ተጠርቶ ድንበር ላይ ነበር። ስልካቸውን ይሰበስቡባቸዋል፤ ሲመቸው እሱ ይደውላል እንጂ እኔ ብደውል አይነሳም። ሲደውልም ወሬያችን ያው ነው፤ «ኢማ» ይለኛል፣ እማ ማለቱ ነው።

«ኢማ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«ደህና ነኝ።»

ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። እኔም ቤት ውስጥ ሰው ያለ እንዲመስለኝ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደርጋለሁ። አንዳንዴ ከማቀዝቀዣው ጋር አወራለሁ፤ እሱም ያጉረመርማል፣ እኔም አጉረመርማለሁ። ሳቁ ግድ የለም። ብቻውን የሚኖር ሰው የሚያደርገውን ብቻውን የሚኖር ያውቀዋል።

ሕመሙ ከቀኝ ጎኔ ተነስቶ ወደ ጀርባዬ የሚወጋ፣ የበላሁትን የሚያስመልስ ነገር ነበር። ዓይኔ ቢጫ ሲሆን ወደ ሐኪም ሄድኩ። የሐሞት ከረጢቴን ድሮ አውጥተውልኛል፤ አሁን ደግሞ ሐሞቱ በሚፈስበት ቱቦ ውስጥ ትልቅ ጠጠር ተጋድሟል አሉኝ። በአፌ ቀጭን መሣሪያ አስገብተው ሊስቡት ሞከሩ፤ አልወጣም አለ። ሐሞቱ መንገድ እንዲያገኝ ትንሽ የፕላስቲክ ቧንቧ ውስጤ ትተው መለሱኝ። ያኔም ለኤላድ «ነቲቮት ከተማ ወዳጄ ጋ አድራለሁ» ብዬ ነበር ከቤት የወጣሁት።

ሐኪሙ ትሑት ሰው ነው። ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና፣ «ልብሽ ደካማ ስለሆነ ቀዶ ጥገና አልመርጥልሽም» አለኝ። «ሌላ መንገድ አለ። አንቺ ትተኛለሽ፣ ማሽኑ ከውጭ ሆኖ በኃይለኛ ሞገድ ጠጠሩን እየደጋገመ ይመታዋል። ቆዳሽ አይቀደድም። ጠጠሩ ሲደቅ ፍርፋሪውን በሌላ ቀን በአፍሽ ገብተን እንጠርገዋለን።»

«ካልደቀቀስ?»

«ያኔ ስለ ቢላዋ እንነጋገራለን» አለ።

ለኤላድ አልነገርኩትም። ልቡ የእናቱ ሕመም ላይ የቀረ ወታደር ፊቱ ያለውን አያይም። እንቅፋት የሚመታው እንዲህ ያለውን ነው። እኔ ከአምላኬ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ ሳይሰማ፣ ሳይደነግጥ ጠጠሩ ተሰብሮልኝ እንድወጣ።

ችግሩ ሌላ ቦታ መጣ። ቀጠሮ የምትሰጠው ልጅ ደውላ፣ «የሚያደነዝዝ መድኃኒት ስለምትወስጂ ይዞሽ የሚመጣና የሚመልስሽ ሰው ያስፈልጋል። ያለ ሰው ከመጣሽ አናደርግልሽም» አለች። ሰው! ቤርሼባ ሙሉ ዘመድ አለኝ፤ ግን ማንን ልንገር? እኛ ዘንድ ለአንዱ በጠዋት የተነገረ ነገር ለምሳ አሽቀሎን ከተማ ይደርሳል፤ ማታ ደግሞ የአንዷ ልጅ ለጓደኛው፣ ጓደኛው ለወንድሙ ብሎ ጦር ሰፈር ይገባል። ወዳጄ ያልጋነሽ እንኳ፣ ነፍሷን ብትሰጠኝ ምስጢር አትጠብቅልኝም።

ከፊት ለፊቴ በር ላሪሳ የምትባል ከሩሲያ የመጣች ባልቴት አለች። ስንት ዓመት ጎረቤት ሆነን ከ«ሻሎም» አልፈን አናውቅም። የእሷም ዕብራይስጥ የእኔም ዕብራይስጥ ያነክሳል። ደረጃው ላይ ጠብቄ ያዝኳት።

«ላሪሳ፣ መኪናሽ ትሠራለች?»

«ትሠራለች። ታስላለች እንጂ ትሠራለች።»

ነገሩን ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ «ልጅ አለሽ አይደል? ወታደሩ?» አለች።

«እሱ መስማት የለበትም።»

ቦርሳዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «የእኔ ካናዳ ነው» አለች። «እሱም ምንም አይሰማም። መቼ ነው የምንሄደው?»

የቀጠሮው ዋዜማ ያልጋነሽ ደወለች። አባባ መንግሥቱ ዐርፈዋል፤ ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው፣ ለቅሶው ሽኩና አሌፍ በሚባለው ሰፈር፣ በልጃቸው ቤት። ክው አልኩ። አንደኛ፣ ደግ ሰው ነበሩ። ሁለተኛ፣ ለቅሶ ማለት ለእኔ ሌላ ነገር ነው። ከሁሉ ቀድሜ የምደርሰው እኔ፣ ትልቁን የሻይ ማፍያ ተሸክሜ የምመጣው እኔ፣ ሐዘንተኛውን ካላበላሁ የማልቀመጠው እኔ ነኝ። ሠርግ ቀርቼ አውቃለሁ፣ ለቅሶ ግን ቀርቼ አላውቅም። ለሕክምናው ደግሞ ወራት ጠብቄያለሁ። ሕክምናው ጠዋት ነው፣ ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ ብዬ ወሰንኩ። ነጠላዬን ተኩሼ ወንበር ላይ አንጠልጥዬ ተኛሁ።

ጠዋት ሆስፒታል የተቀበለችኝ ነርስ የእኛው ልጅ ሆና ቁጭ! «እማማ፣ እኔ ሺራ ነኝ» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ። አፌ አመሉን መተው አቅቶት «የማን ልጅ ነሽ?» አልኩና ወዲያው ምላሴን ነከስኩ። ዘመድ ከሆነች አለቀልኝ። ወላጆቿ ሩቅ አፉላ ከተማ መሆናቸውን ስትነግረኝ ነው ትንፋሽ የመጣልኝ።

«በሞቴ ልጄ፣ እዚህ አየኋት ብለሽ ለሰው እንዳትናገሪ።»

«እማማ፣ ክልክል ነው እኮ። ሕግ አለ።»

«ሕጉስ ይሁን። የእኛን አፍ ስለማውቀው ነው።»

ሳቀች። ስልኬን አጥፍቼ ከቦርሳዬ ጋር ለላሪሳ ሰጠሁ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ተቀምጧል፤ አንዱ ታማሚ፣ አንዱ ካፖርት ያዥ። ላሪሳም ካፖርቴን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ አየሁና፣ ስሟን እንኳ በወጉ ጠርቻት የማላውቅ ሴት እንደ እኅት መጠበቋ ሆዴን አባባው።

ጠረጴዛው ላይ አጋደሙኝ። ጎኔን ቀዝቃዛ ቅባት ቀቡና ውሃ የሞላ ትልቅ ትራስ የመሰለ ነገር አስጠጉበት፤ ሞገዱ በውሃው በኩል ነው የሚገባው። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ።

«ያ ነው?» አልኩት።

«ያ ነው።»

«ይህን ያህል ጊዜ ሲያንገላታኝ የኖረው ይኼ ፍሬ?»

«ይኼው ነው» አለ። «አትንቀሳቀሺ። ላስቲክ ተስቦ ሲለቀቅ እንደሚገርፈው ዓይነት ይሰማሻል። ካልቻልሽ ተናገሪ።»

በደም ሥሬ መድኃኒቱን ሰጡኝና ሁሉም ከመስታወቱ ጀርባ ገቡ። እኔና ማሽኑ ቀረን። ተክ! አለ። ዘለልኩ። ተክ! ተክ! መጀመሪያ ቆዳዬ ላይ ነበር የሚሰማኝ፤ በኋላ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጠለቀው ቦታ ገባ። በር የሚያንኳኳ ሰው ይመስል ነበር። ከፍቼ ማን ነህ የምለው የለኝም። ጥርሴን ነክሼ፣ «ጌታዬ፣ እኔን እንደፈለግህ አድርገኝ፣ እሱን ብቻ በሰላም መልስልኝ» እያልኩ የምቱ ቁጥር ጠፋብኝ። ማንም እጄን እንዳልያዘኝ ያስተዋልኩት ያኔ ነው። እጄን በእጄ ያዝኩ። ከዚያ መድኃኒቱ ወደ ሰመመን ወሰደኝ፤ ድምፁ ግን እንቅልፌ ውስጥም ተከትሎኝ ገባ።

«እማማ፣ እማማ» የሚል ድምፅ አነቃኝ። ሺራ ናት። ከኋላዋ ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ቆሟል። «ደቋል» አለኝ። ያ አንዱ ፍሬ ስክሪኑ ላይ ፍርክስክስ ብሎ ታየኝ። እንባዬ መጣ። ደስታ ነው መሰለኝ፤ ግን «እሰይ!» ብሎ አብሮኝ እልል የሚል ሰው ፈልጌ ዞር ስል ግድግዳው ነው። ሲያስወጡኝ ላሪሳ ብድግ አለች።

«ተሰበረ» አልኳት።

«ሆራሾ!» አለች በራሷ ቋንቋ፣ ጥሩ ነው ለማለት፣ ከቦርሳዋም ፖም አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች።

ነቅቼ እስክጸና ድረስ አስቆዩኝና ከሰዓት በኋላ ለቀቁኝ። ላሪሳ እንደ ወትሮዋ የምታስለውን መኪናዋን እየነዳች በአውቶቡስ መናኸሪያው፣ በታሃና መርካዚት በኩል አለፍን። የአውቶቡስ ወረፋውን፣ የገበያውን ሰው እያየሁ ራሴ ይወዛወዛል። ልጄ አልሰማም፣ ቢላዋ ቀርቷል፣ ነጠላዬን ለብሼ ለቅሶ እደርሳለሁ። እንደዚያ እያሰብኩ ወደ ሰፈራችን ታጠፍን።

ሕንፃችን ሥር ሰው ቆሟል።

መጀመሪያ ውኃ የተቋረጠ መሰለኝ። ጠጋ ስንል የባሌን ታላቅ ወንድም አባባ ፈንታን በከዘራቸው ተደግፈው አየኋቸው። ያልጋነሽን አየሁ። ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ፣ ሴቶቹ አንድ ላይ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም አያወራም። ሁሉም ወደ መስኮቴ ቀና ብለው ያያሉ።

እናንተ አንባቢዎቼ ይህ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የእኛ ሰው ሞትን በስልክ አይናገርም። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ በር ላይ ይቆማሉ፣ ባለቤቱ ያያቸዋል፣ ይገባዋል። እኔ ራሴ ስንቱን መርዶ ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ።

ኤላድ።

መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈትኩ። ላሪሳ ጮኸች። እግሬ መሬት ሲነካ አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ። «ልጄን! ወይ ልጄን! ወይ እኔን!» እያልኩ ደረቴን መታሁ። እነሱም ወደ እኔ እየሮጡ «አለች! አለች! መጣች!» ይላሉ። እኔ ለቅሶ፣ እነሱ እልልታ። ምን እንደሚሉ አልሰማሁም።

አባባ ፈንታ ደርሰው ትከሻዬን ያዙ። «ተይ ዓለም! ተይ እኅቴ! ምንም የለም። ኤላድ ደህና ነው።»

ይኼኔ ነው ጨርሶ የጨለመብኝ። ደህና ነው! ለመርዶ ስንሄድ የምንለው ይህንኑ አይደል? «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው፣ ግቢ እስቲ፣ ቁጭ በይ፣ ውሃ ጠጪ።» በዚህ አፌ ለስንቷ እናት ብያታለሁ! እነሱም ደግፈው ቤቴ አስገቡኝ፣ አስቀመጡኝ፣ ውሃ አመጡልኝ።

«በኦሪት ይማሉልኝ» አልኳቸው አባባ ፈንታን።

«ኦሪትን! ምንም አልሰማንም!»

አላመንኳቸውም። ሐዘንተኛ ክው ብሎ እንዳይቀር ሽማግሌም ይዋሻል። ቤቱ በዘመድ ተሞልቶ፣ አንዷ እጄን፣ አንዷ እግሬን ይዛ፣ አንድ የማምነው ሰው አልነበረኝም። እንዲያ ያለ ብቸኝነት ከማሽኑ ሥር እንኳ አልቀመስኩም።

በመጨረሻ ያልጋነሽ ፈነዳች። «አንቺ የሞትሽ መስሎን ነው እኮ! ለቅሶ ቀረሽ! አንቺ ለቅሶ ቀርተሽ ታውቂያለሽ? ስልክሽን ብንደውል ዝግ፣ በርሽን ብንደበድብ ዝም። ለብቻዋ ወድቃ ሞታለች ብለን ከለቅሶው ቤት ተነስተን መጣን! በር የሚሰብር ሰው ልንጠራ ስንል ከዚህች ፈረንጅ ጋር ብቅ አልሽ!»

ወደ ሴቶቹ አየሁ። ነጠላው የአባባ መንግሥቱ ሐዘን ነው። ልቤ ቀስ ብሎ ሊመለስ ጀመረ። ግን ያልጋነሽ ዓይኗን ስትሰብር አየኋት።

«ምን አደረጋችሁ?»

«ለኤላድ ደውለን ነበር። አላነሳም። መልእክት ተውንለት።»

«ምን ብላችሁ?»

አባባ ፈንታ ከዘራቸውን አዩ። «እንዳይደነግጥ ብለን ነው» አሉ። «እናትህ ደህና ናት፣ ግን ቶሎ ደውል አልነው።»

ወይ ጉዴ! ደህና ናት፣ ግን ቶሎ ደውል! ልጄ አማርኛ አይናገርም እንጂ የእኛን ነገር ያውቃል። አባቱ የሞተ ጊዜ ለእሱ የተነገረው በዚህችው ቃል ነው። ይህን ሁሉ የሸሸሁት ድንጋጤ እንዲህ አድርጎ ደረሰው ማለት ነው። መልሰን መላልሰን ብንደውል አይነሳም። ላሪሳ ስልኬን ከቦርሳው አውጥታ ከፈተችና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠች። አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ምንም አልተረዳችም፣ ግን አልሄደችም።

ጠበቅን። ማንም ወደ ለቅሶው አልተመለሰም። ምስኪን አባባ መንግሥቱ፣ ግማሽ ለቀስተኛቸውን ወሰድኩባቸው። ሰው በሹክሹክታ ያወራል፣ ያልጋነሽ በእኔው የሻይ ማፍያ ለእኔው ሻይ ታፈላለች፣ ጎኔ ማሽኑ የመታው ቦታ መጠዝጠዝ ጀምሯል። ፀሐይዋ ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ጀርባ ገባች። እኔ ዓይኔን ከስልኩ አልነቀልኩም።

ጮኸ።

«ኢማ?» አለ። ድምፁ የትንሽ ልጅ ድምፅ ነው። «አንቺ ነሽ? ተናገሪ። አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ሁለታችንም አለቀስን። ቤቱ ሁሉ «ተመስገን» አለ። እንባዬን ጠርጌ፣ አፌ እንደለመደው፣ «ደህና...» ማለት ስጀምር አቋረጠኝ።

«ደህና ነኝ እንዳትይኝ! ዛሬ ደህና ናት አሉኝ፤ ሞታለች ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ኢማ፣ ይህን ቃል ሁለተኛ እንዳትነግሪኝ።»

ተነሳሁ። ሰዉን ሁሉ ትቼ መኝታ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። አልጋው ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ ዓይኔ ቢጫ መሆኑን፣ ነቲቮት ያልኩት ውሸት መሆኑን፣ ማሽኑን፣ እጄን በእጄ መያዜን። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ልጠራው ስል ተናገረ፤ በዕብራይስጥ አይደለም፣ እየፈለገ፣ እየጎተተ በአማርኛ ነው።

«ኢማ፣ እኔም ደህና አይደለሁም።»

«ምን ሆንክ ልጄ?»

«አልተኛም። ብዙ ጊዜ ሆነ። ዓይኔን ስጨፍን ድምፅ አለ።»

ስንት ጊዜ ደህና ነኝ ብሎኝ ስልኩን ዘግቷል! እኔ እዚህ፣ እሱ እዚያ፣ አንዳችን ሌላችንን ላለማስጨነቅ በየጓዳችን ስንሠቃይ። አይዞህ ማለት አቃተኝ። «ንገረኝ» ብቻ አልኩት። ነገረኝ። የነገረኝ የእሱ ነው፣ እዚህ አልጽፈውም። ስወጣ ሁሉም ሄደው ላሪሳ ብቻ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷት አገኘኋት።

ኤላድ ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ፍርፋሪውን ሊጠርጉልኝ ስገባ የነዳውም፣ ካፖርቴን የያዘውም እሱ ነው። ሺራ ወጥታ «ማን ነው የእማማ ሰው?» ስትል «እኔ!» ብሎ ሲነሳ ድምፁን ከውስጥ ሰማሁት። እሱም አሁን ሐኪም ያነጋግራል፤ በየሳምንቱ ይሄዳል። እንቅልፉ ጨርሶ አልመጣም፣ ግን መንገድ ላይ ነው ይለኛል። እኔና ላሪሳ የአባባ መንግሥቱን ቤተሰብ ልናስተዛዝን ሽኩና አሌፍ አብረን ሄድን፤ ነጠላ አውሼያት፣ ተጎናጽፋ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ዋለች።

እንግዲህ እናንተም ስልኩን አንስታችሁ «ደህና ነኝ» የምትሉ፣ ሕመማችሁን ጎናችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሌላውን ያሳረፋችሁ የሚመስላችሁ፣ እኔን እዩ። ልጄ በዚያች ዕለት የእናቱን ሞት ሰማ፣ እኔም የልጄን ሞት አየሁ፤ ሁለታችንም በሕይወት እያለን። ጠጠሩን ማሽን ሰበረው። ሌላውን ግን ሰው በገዛ አፉ ካልነገረ የሚሰብርለት የለም።

አሁንም ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ ማቀዝቀዣውም ያጉረመርማል። ማታ ማታ ግን ኤላድ ሲደውል፣ «ዛሬ ቀኝ ጉልበቴ አላስነሳ ብሎኛል፣ ምሳም አልበላሁም። አንተስ?» እለዋለሁ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጠፋና እስኪናገር እጠብቀዋለሁ።